ጆሮህ ላይ ቀርቷል

ስምሽን አዝመራ ያልኩት ገብሱ ባማረበት ዓመት፣
የጓሳ ውርጭ ዛላውን ሳይነካ ባለፈ ዕለት።
ደብረ ብርሃን ላይ ሐኪሙ ወረቀት እያገላበጠ
«ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃም ጭምር» ብሎ
ያን ሁሉ ማሳ ከገበታሽ ቆረጠ።
«ሴሊያክ» አለው። ቃሉን መዳፌ ላይ ጻፍኩት፤
እንዳይጠፋኝ፣ እስከ ጣርማ በር በከንፈሬ ደጋገምኩት።
«እስከ መቼ?» ብለሽው ነበር። «ዕድሜ ልክ» አለሽ።
ከዚያ እስከ መሐል ሜዳ
በመስኮቱ እንጂ በእኔ በኩል አልዞርሽ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቀሚስሽ ሲሰፋ፣ ጉንጭሽ ሲገረጣ፣
ጎረቤት «ኮሶ ነው» ሲል፣ አክስትሽ ጠበል ስታመጣ፣
እኔ ምን አደረግሁ? በሶ!
በእጄ ያመስኩት፣
በገዛ ወፍጮዬ የፈጨሁት፣ በማር የበጠበጥኩት።
«ጠጪ፣ የመንዝ ሰው በዚህ ነው የቆመው» እያልኩ
ብርጭቆው እስኪጎድል ከፊትሽ ቆምኩ።
አንቺም ጠጣሽ። ለእኔ ብለሽ።
ከጓሮ ስትመለሺ ሁልጊዜ ፊትሽ የታጠበ ነበር፤
እንዳላውቅብሽ።

ሥራዬ ወፍጮ ነው። ቅንድቤ ዱቄት፣ ሳሌ ዱቄት፣
ሰው ከሩቅ ሲያየኝ የሸበትኩ ይመስለዋል
ገና በጉልምስናዬ ወራት።
«እንጀራዬ ነው» የምለው ነገር የልጄ ሕመም ሆኖ ሲገኝ
ምን ብዬ ልጥራው? ማን ሌላ ቃል ይስጠኝ?

ለሞተሩ ቀበቶ ባስቀመጥኩት ብር
የእነዋሪ ጤፍ ገዛሁ።
እናትሽ በሰፌድ ስታበጥር አንዲት የገብስ ፍሬ አገኘች፤
በሁለት ጣቷ አንስታ
እንደ ጊንጥ ወረወረቻት።
ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ድንጋዩን ፈታሁ፣ በብሩሽ ፈገፈግኩ፣
ሁለት ጣሳ ጤፍ ፈጭቼ ለዶሮዎቹ በተንኩ፣
ያለፈውን ይጥረግልኝ ብዬ።
እማማ ዘነቡ ስንዴዋን ተሸክማ ደረሰች፣
«ምነው፣ ዛሬ ወፍጮው ጾም ነው?» አለች።
«አዎ» አልኳት፣ «ሰኞ ሰኞ ይጾማል።»

ግን የሚጾም ሰው ወዶ ነው፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ?
ሐሙስ ዕለት ከደብተርሽ መሐል
ዘይት የጠጣ ጋዜጣ አገኘሁ፣ ቦንቦሊኖ የተጠቀለለበት።
አልጮህኩም ብል ደስ ባለኝ። ጮህኩ።
«የስምረት ልደት ነበር» አልሽ፣
«እምቢ ስል ‹ደግሞ ንቀት ጀመረሽ› አሉኝ።
ሲሉኝ በላሁ።»
ሌሊቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል ስትገላበጪ ሰማሁሽ።
ጩኸቴ ከቦንቦሊኖው ይበልጥ
እኔን አመመኝ።

ቅዳሜ ሸሚዜን ሰበሰብኩ፤ እሠራልሻለሁ አልኩ፤ እኔ!
ጤፍና በቆሎ አቦካሁ፤ እናትሽ አፏን ይዛ አየችኝ።
ዘይቱ ውስጥ እንደ ጠጠር ሰጠመ፤
ሲወጣ በር ቢያንኳኩበት የሚያስከፍት ነበር።
አንዱን አንስተሽ ጠረጴዛው ላይ ለቀቅሽው፦
ኳ!
ሳቅሽ።
ከደብረ ብርሃን ከተመለስን ወዲህ
የመጀመሪያው ነበር።
በላሽው ደግሞ፣ እያንቋቋሽ፤
«ቀጭን አድርገው፣ ስኳር ጨምርበት» አልሽ፣
ቆይተሽም፣ ወደ ድስቱ እያየሽ፣
«ለስምረትም የሚሆን ይተርፋል?»

አሁን ካፖርቴ ከደጅ ሚስማር ላይ ይውላል።
በዚህ ብርድ ራቁቱን ደረት ታቅፎ የሚታጠብ ሰው
ለጎረቤት ያበደ ይመስለዋል።
አንቺ በሩን ገርበብ አድርገሽ
በስልክሽ መብራት ታበሪብኛለሽ፣ እንደ ኬላ ፈታሽ።
«ቅንድብ» ትያለሽ፤ እታጠባለሁ።
«አንገት» ትያለሽ፤ እታጠባለሁ።
ወደ ውስጥ አንድ እግሬን ሳነሳ
«አባዬ፣ ጆሮህ ላይ ቀርቷል።»

ውሃው በረዶ ነው።
ጎንበስ አልኩ።